በጓሳ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት



በአንድ መሥሪያ ቤት አብረን የምንሠራ ወዳጄ በቅርቡ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ «አንተ ወደ መንዝ ሄደህ በጓሳ ተራራ ላይ አድረሃል አሉ፤ ለመሆኑ የማረፊያው ቤት ሙቅ ውኃ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ባደርሁበት ጊዜ አልነበረውም አልሁት። «መብራትስ?» አለኝ። እርሱም አልነበረም አልሁት። «ምግብ ቤትስ?» ቢለኝ፣ ስንቅህን ከዚህ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ወጡንም ራስህ ትሠራለህ ብዬ መለስሁለት። ወዳጄ ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ «እንግዲያውስ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምኑ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የምመልስለት ቃል ስላጣሁ በሣቅ አለፍሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሱ በአንድ ቃል የሚነገር ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ ለእርሱም ለእናንተም ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ።

ጊዜው በ2011 ዓ.ም. የኅዳር ወር መጨረሻ ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ከአንድ ዘመዳችን በተዋስናት አሮጌ መኪና ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሣን። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለ ነበር ስንቃችን ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ዳቦና ቆሎ ነበር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሻማና ክብሪት ጨመርን። ማገዶ ግን ከሦስታችን አንዱም አላሰበ። ወደ ዱር የሚሄድ ሰው እንጨት ተሸክሞ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ከደብረ ብርሃን አልፈን ከዋናው መንገድ ወደ ግራ በመታጠፍ ወደ ሰላ ድንጋይ ሄድን። ይህ ከመንገዳችን የወጣ ነበር፤ ነገር ግን የእናቴ ታላቅ እኅት በዚያ ስላሉ ሳላያቸው ባልፍ የሚቀርልኝ ነገር አልነበረም። ሰላ ድንጋይን ብዙ ሰው የሚያውቃት ወደ ጻድቃኔ ማርያም ለጠበል ሲሄድ አቋርጧት ስለሚያልፍ ነው። ቀድሞ ግን ራስዋ መድረሻ ነበረች። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መኖሪያቸው በዚያ ነበር፤ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ለመሄድ ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ በኩል ማለፉን ጽፎአል። በዚያ ዘመን በሸዋ መንግሥት ፈቃድ የሚጓዝ እንግዳ ድርጎ ይሰፈርለት ነበር፤ ይኸውም እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ የበቅሎውም ገብስ ሳይቀር ባደረበት አገር ሰው ይቀርብለት ነበር ማለት ነው። ለእንግዳው ደስታ ነው። የሚያቀርበው ባላገር ስለዚሁ ነገር ምን ይል እንደ ነበር የጻፈልን ግን የለም።

አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። ጉልበታቸውን ስመን ከተቀመጥን በኋላ «ወዴት ነው መንገዳችሁ?» አሉ። ጓሳ ለማደር እንደ ሆነ ነገርኋቸው።

«ጓሳ? ዘመድ አለህ እዚያ?»

«የለኝም። የእንግዳ ማረፊያ ቤት አለ፤ ከፍለን ነው የምናድረው።»

አክስቴ ፊቴን ትኵር ብለው ተመለከቱ። «ምነው ልጄ፣ ብርድ በገንዘብ ይገዛል እንዴ? እዚህ እደር፤ እኔ በነፃ እሰጥሃለሁ» አሉና ሣቁ። ከዚያም ወደ ውስጥ ገብተው ከቆጡ ላይ አንድ ጥቍር የመንዝ ባና አወረዱ። ባና ከመንዝ በግ ጠጕር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የከተማ ሰው ግን ዛሬ ከሹራብና ከውጭ አገር ብርድ ልብስ በታች አድርጎ ያየዋል። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። ለዚሁ ጕዞ ብዬ በብዙ ገንዘብ የገዛሁት በውስጡ የሚገባበት የመኝታ ከረጢት ነበረኝ። «አንቱ፣ እኔ እኮ መኝታ ይዣለሁ» አልኋቸው። «ያዘው ያልሁህን ያዝ» አሉኝ፤ አንድ ከረጢት በሶም ጨመሩበት። ባናውን ከመኪናው ኋላ ከመለዋወጫ ጎማው ሥር ወተፍሁት።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰን ጣርማ በር ደረስን። ይህ ከፍታ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ተራራውን ፈልፍለው የደሴን መንገድ ያሳለፉበት ቦታ ነው። ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ግን በዋሻው አይገባም፤ ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ታጥፎ በተራራው ጀርባ ላይ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ እኛ በሄድንበት ጊዜ ጠጠር ነበር፤ ከፊሉም ጠጠር ለመባል አይበቃም። በቀኝ በኩል መሬቱ በድንገት ተቈርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። በግራ በኩል የገብስ ማሳና የድንጋይ ካብ ነው። መኪናችን ሦስት ጊዜ ቆመች፤ ስለዚህ ጕዳይ ብዙ አልናገርም። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሆን መንገድ ቀኑ ሙሉ አልቆ ጓሳ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ድረስ የሚደርስ ሰፊ የተራራ ሜዳ ነው። ማረፊያው ቤት በድንጋይ የታነጸ፣ ጥቂት ክፍሎችና አንድ የጋራ የእሳት ቤት ያለው ነው። የሚያስተዳድረውም የአካባቢው ሕዝብ ነው። ከመኪናው ወርደን ጓዛችንን ከደጅ እስከ ክፍል ስናደርስ ሦስታችንም እንደ ሽማግሌ አለከለክን። ይህ በእርግጥ እርጅና አይደለም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከፍታን የለመደ ስለ ሆነ ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣው ይሻላል፤ ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ቀስ ብሎ መራመድ፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ራሱን ከባድ ሕመም ካመመው ወይም ካስታወከው ደግሞ ሳይከራከር ወደ ታች መውረድ አለበት።

ምስራችንን ጣድን። ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ በዚያ በ89 ገደማ ይፈላል። ሦስት ዲግሪ ለመምህር በሰሌዳ ላይ ሲጽፋት ትንሽ ቍጥር ናት፤ ለተራበ ሰው ግን ረጅም ጊዜ ናት። ምስሩ እየተንተከተከ አልበስል አለ። እኛም እሳቱን እያበረታታን፣ ለእንግዶች ተቈጥሮ የተቀመጠውን የባሕር ዛፍ እንጨት አንድ በአንድ ማገድነው። ምስሩ ሳይበስል እንጨቱ አለቀ።

የቤቱ ጠባቂ ዕድሜያቸው ከአምሳ አምስት የማያንስ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ወደ እርሳቸው ሄጄ እንዲህ አልሁ፤

«አባባ፣ እንጨቱ አለቀብን።»

«ለዛሬ የመጣው ያ ነው ጌታዬ። ከነገ ወዲያ ገበያ ነው፤ አህያ ይዞ ይመጣል።»

«ከደጅ ያ ሁሉ ቍጥቋጦ ቆሞ የለም እንዴ? ጥቂት ቢቈረጥ ምን ይጐዳል?»

«ጨረንፌውን ነው? እርሱ የተዘጋ ነው።»

«ለእንግዳ እኮ ነው!»

«ትናንትም እንግዳ ነበረ፤ ነገም ይመጣል።»

አድማጮቼ፤ ከዚህ በኋላ የተናገርሁትን ባልነግራችሁ እወድ ነበር። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ኀላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አልኋቸው። ይህችን ቃል ሁላችን እናውቃታለን፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ ለማለፍ፣ በየፍተሻው ቦታ መኪና ላለማስፈተሽ ስንቶቻችን ተናግረናታል። ሰውየው ግን አልተቈጡም፤ አልደነገጡምም። «እኔም ደመወዝ የሚሰጠኝ ይህችኑ እንድጠብቅ ነው ጌታዬ» አሉና ፋኖሳቸውን አንሥተው ወደ ጨለማው ሄዱ። እኔም ተቀይመው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመልሰው መጡ፤ በማዳበሪያ ጆንያ ከቤታቸው ኩበት ይዘው ነበር። በዚያ ኩበት ምስሩ በሰለ። ጢሱ ዐይናችንን አስለቀሰው፤ በልተንም ተኛን።

ተኛን ማለት ጋደም አልን ማለት ነው። በከፍታ ቦታ በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ይቈራረጣል፤ ትንፋሽ በየጊዜው የሚቆም እየመሰለ ያባንናል። የተኰራሁበት የመኝታ ከረጢት በሰባት ሰዓት ገደማ ብርዱን አሳልፎ ሰጠኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጓሳ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ እኔ የገዛሁት ከረጢት ግን ለሌላ አገር ሌሊት የተሰፋ ነበር። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ በሻማ ወደ መኪናው ወጣሁ፤ ከመለዋወጫው ጎማ ሥር ባናውን ጐትቼ አወጣሁት። የቤንዚን ሽታ ነበረው። ተጠቅልዬበት እስኪነጋ አንድ ጊዜ ብቻ ነቃሁ።

ማለዳ ሜዳው በሙሉ ነጭ ነበር፤ ውርጩ በእያንዳንዱ የሣር ጉቶ ላይ ጨው እንደ ተነሰነሰ ሆኖ ይታያል። ፀሐይዋ ከቆላው በኩል ብቅ ስትል ነጩ እየቀለጠ ሣሩ ቀስ በቀስ ወርቃማ ሆነ። የረጃጅሙ ጅብራ ግንድ እንደ ምሰሶ በየቦታው ቆሞአል፤ እግራችን የረገጠው ጦስኝም ይሸታል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንጋ ሆነው ወጡ። ሌሊቱን በገደሉ ላይ ተንጠልጥለው ያድራሉ፤ ማለዳ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከዚያም በቂጣቸው ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ቀኑን ሙሉ ይግጣሉ። ከዝንጀሮ ወገን እንደዚህ በሣር የሚኖር ሌላ የለም፤ ጭላዳም ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች በቀር በዱር የሚገኝበት አገር የለም።

በመንጋው መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ሲመላለስ አየን። በመላው ዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ሁሉም በእኛው አገር ነው። እኔ ግልገል ሊነጥቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ጭላዶቹ ግን ቀና ብለውም አላዩት። በዚሁ በጓሳ የተደረገና በ2007 ዓ.ም. የታተመ የተመራማሪዎች ጽሑፍ ምክንያቱን ገልጾታል። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው። ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራው 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። የጭላዶቹ መንጋ አይጦቹን ሳያዘናጋ ወይም ቀበሮውን ሳይሸሽግ አይቀርም። ስለዚህ ቀበሮው ግልገሎቹን አይነካም፤ እነርሱም አያባርሩትም። ከባልደረቦቼ አንዱ «እኛ ቢሮ ቢመጡ ያስተምሩን ነበር» አለ፤ ይህን የምነግራችሁ ግን ስሙን ሳልጠራ ነው።

ቁርሳችንን በሶ በጥብጠን ጠጥተን ስንወጣ አንዲት ሴት በመንገዱ ዳር ስታልፍ አየን። በጀርባዋ አንድ ትልቅ ሸክም ኩበት አዝላለች። የምትሄድበት ቀጭን መንገድ ግራና ቀኙ እስከ ወገብ የሚደርስ ጨረንፌ ነው፤ ደረቅ፣ በእሳት ቶሎ የሚያያዝ፣ እጅዋን ብትዘረጋ የምትቈርጠው እንጨት ነው። በመካከሉ ኩበትዋን ይዛ አለፈች። አንድም ቅርንጫፍ አልነካች።

ይህን ባየሁ ጊዜ ማታ የነደደው ኩበት ትዝ አለኝ። ኩበት ለከተማ ሰው ጢስ ነው። ለገበሬው ግን አንድም ማገዶ ነው፣ አንድም ማዳበሪያ ነው፤ እሳት ውስጥ የገባው ኩበት ማሳ ውስጥ አልገባም። እንግዲህ እኔ ያበሰልሁት ምስር ከአንድ ሰው የገብስ እርሻ ላይ ተቀንሶ ነው።

ወደ ጠባቂው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምን አጠፉና!» ብለው በአጠገባቸው እንድቀመጥ ድንጋዩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። በዚያን ቀን ረጅም ጊዜ ተጫወትን፤ ስለ ጓሳ የማውቀውን አብዛኛውን ያስጀመሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ የቀረውን በኋላ ከተጻፈው አነበብሁ።

ጓሳ የቦታው ስም ብቻ አይደለም፤ የሣሩም ስም ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ ለዝናብ የሚለበሰውን ገሣ ይሠራል፤ በድርቅ ጊዜ ከብቱን ያበላበታል። ሣሩ ዝናቡን እንደ ጥጥ ስለሚይዘው ምንጮቹ በበጋም አይነጥፉም፤ የምሥራቁ ውኃ ወደ አዋሽ፣ የምዕራቡ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ይህን ሣር ለመጠበቅ መንዞች ከ400 ዓመት ገደማ በፊት «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት አቆሙ። መሬቱ አስቦና ጌራ በሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ስም ተከፈለ፤ ወሰኑንም በፈረስ ግልቢያ ቈረጡት ይባላል። የሁለቱ ልጆች አለቃቸውን ይመርጣሉ፤ ሣሩ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቈያል። ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል። ክረምት ሲገባ በሐዋርያት በዓል በሐምሌ 5 ቀን እንደ ገና ይዘጋል። ጥበቃው በተራ ነበር። ሕጉን የጣሰ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይተርካሉ።

ነገሩን አሳምሬ ብቻ እንዳላወራ እፈራለሁ። ያ ሥርዓት በዘር የቆመ ነበር፤ የአስቦና የጌራ ወገን ያልሆነ ሰው በደጁ ካለው ሣር ድርሻ አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱ ቀረና ድርሻው ለገበሬ ማኅበራት ሆነ። ድርሻ ያልነበረው ድርሻ አገኘ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከርስቱ ጋር ጥበቃውም ወደቀ። ጠባቂው ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። «ሁሉም ማጭድ ይዞ ወጣ። እኔም ከእናቴ ጋር ወጣሁ። ደስ ብሎን ነበር» አሉኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «በስተኋላ እናቴ ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ፍለጋ ግማሽ ቀን ትሄድ ጀመር» ብለው ጨመሩ። ከፊሉ መሬት ታረሰ፤ ጨረንፌው እየተነቀለ ነደደ። በመጨረሻ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተሰብስበው ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሰው አቆሙት፤ የክልሉ መንግሥትም በ2004 ዓ.ም. የሕዝብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አጸናው። የአሁኑ ሥርዓት እንደ ድሮው ዘር አይጠይቅም። እገዳው ግን ያው እገዳ ነው።

እንግዲህ ማረፊያው ቤት የተሠራው በዚህ መካከል ነው። እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ ለጠባቂዎችና ለአካባቢው ሥራ እንዲውል ታስቦ ነው። በስዊስ አገር የአልፕ ተራራ ማኅበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ከተመሠረተ ወዲህ በበረዶው ተራራ ላይ እንደዚህ ያሉ ጎጆዎች በብዛት ተሠርተዋል፤ በእነዚያም ባለጸጋው እንግዳ ከማያውቀው ሰው ጐን ይተኛል፣ ውኃውንም ይቈጥባል፤ ማንም ክብሬ ተነካ አይልም። የእኛ ሰው ግን «ሎጅ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ ፎጣና ሙቅ ውኃ ይታየዋል። ሙቅ ውኃ በጓሳ ምን እንደ ሆነ አሁን ዐውቃለሁ። አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ ማለት አንድ እቅፍ እንጨት ማለት ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ወይ ከሩቅ በአህያ ይመጣል፣ ወይ ከተዘጋው ይቈረጣል።

ይህን ስል ግን የመንዝ ሰው በጨለማ ይኑር ማለቴ አይደለም። ከተማ መብራት የለመድን ሰዎች ሄደን በሻማ ሁለት ሌሊት ስናሳልፍ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» እንላለን፤ በዚያው ጨለማ ልጅዋን የምታስታምም ሴት ግን ጸጥታውን አታመሰግነውም። ማረፊያው ቤት ያለ አምፖል ቢቈይ እኔ አላዝንም። መንደሩ ግን መብራት ይገባዋል፤ በኩበት ፈንታ የሚያበስልበትም ሌላ ነገር ይገባዋል። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ከጠባቂው ደመወዝ አልፎ ያችን ኩበት የተሸከመች ሴት ደጅ ይደርሳል ወይ ብዬ ጠባቂውን ጠይቄአቸው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁና «ጥቂት ጥቂት» አሉኝ። ጥቂትዋ ምን ያህል እንደ ሆነች አላስረዱኝም፤ እኔም አልገፋሁም።

በሁለተኛው ሌሊት ምስሩን ትተን በሶና ቆሎ በላን። እሳት አላነደድንም። ሦስታችን በአንድ ባና ላይ ተከራክረን በዕጣ ለየነው፤ ዕጣው ለእኔ አልወጣም። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ካልሲ በእጄ አጥልቄ ተኛሁ። ሰማዩን ለማየት ወጥቼ ነበር፤ ከዋክብቱ እጅግ ብዙና እጅግ ቅርብ ሆነው ይታያሉ፤ ነገር ግን ብርዱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አላስቆመኝም።

ወዳጄ አሁን ልሂድ ቢል አንድ ነገር አስቀድሜ እነግረዋለሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ብዙ መከራ አይቶአል፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱ ሁልጊዜ የሚኬድበት አልሆነም። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ በዚያው ካሉ ሰዎች ይጠይቅ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ ከጣርማ በር በፊት፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ለሚያድርበት ሌሊት ሁሉ የሚበቃ የባሕር ዛፍ እንጨት ገዝቶ በመኪናው ይጫን። ቢተርፈው ለጠባቂው ይተውላቸው፤ ለእኔ ያነደዱት ኩበት ገና አልተከፈለም። በማግሥቱ ገንዘብ ብሰጣቸው «ኩበት አንሸጥም» ብለው መለሱልኝ።

ስንመለስ በሰላ ድንጋይ ባናውን ለአክስቴ አስረከብሁ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። «ምንድን ነው ይህ? ቤንዚንና ኩበት!» አሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ያልሁትን ብቻ ዘለልሁት። ምስሩ አልበስል ያለበት ጊዜ ሲደርስ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ከዚያም ባናውን አጣጥፈው መልሰው በእቅፌ ላይ አኖሩት።

«አሁንማ ያንተ ነው። ይህን ሽታ ማን ያጥበዋል?» አሉኝ።

ባናው እስከ ዛሬ ድረስ ከአልጋዬ ግርጌ አለ። ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ የቤንዚኑ ሽታ ለቆአል፤ የኩበቱ ግን በክረምት እርጥበት ሲነካው እንደ ገና ይመጣል።

ደኅና እደሩ።